ጓሮ ለሌላት እናት፦ ጎመን በጣሳና በማዳበሪያ

«ጎመን በጤና» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ከጭንቅ ጮማ የሰላም ጎመን ይሻላል ለማለት የተነገረ ቢሆንም፣ ቃል በቃል ቢወሰድም እውነትነት አለው። ችግሩ ጎመን መሬት መፈለጉ ነው፤ መሬት ደግሞ በሁሉም እናት እጅ የለም። በተለይም በከተማ በኪራይ ቤት የምትኖር፣ ጧት ወጥታ ማታ የምትገባ ሠራተኛ እናት፣ «የራሴ ጓሮ ቢኖረኝ» እያለች የምታሳልፋቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ልጆቹ ግን የእናታቸው ጓሮ እስኪገኝ ድረስ ከማደግ አይቆሙም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጓሮ እስኪገኝ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ማስረዳት ነው። የተቆረጠ ጄሪካን፣ የተጣለ የዘይት ቆርቆሮ፣ የተሸረፈ ማሰሮ ወይም በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው ባዶ ጆንያ ካለ መደብ አለ ማለት ነው። ያውም ተከራይዋ ቤት ስትለቅ ከዕቃዋ ጋር ጭናው የምትሄደው መደብ።

ገበሬ በከበበው ከተማ

ለምሳሌ እንጭኒን እንመልከት። እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአዳ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ ዙሪያውን ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይመረትበታል። ከብት የሚረባበት አገርም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከዴንማርክ በመጡ የጀርሲ ላሞች የተጀመረው የወተት ከብት እርባታ የሚገኘው በዚሁ በአዳ በርጋ ነው።

እንዲህ ባለ አገር አትክልት እንዴት ይቸግራል? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በከተማዋ የምትኖር አስተማሪ፣ የጤና ባለሙያ፣ የቢሮ ጸሐፊ ወይም የቀን ሠራተኛ፣ በገበሬ ተከባም ቢሆን አትክልትን የምታገኘው በገንዘብ ብቻ ነው። ገበያው በሚውልበት ቀን እሷ ሥራ ላይ ናት። ማታ ስትወጣ የሚቀርላት የተጠወለገው እስር ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ፈላጊው ይበዛል፤ ወቅቱም በጋ በመሆኑ አረንጓዴ ነገር ይወደዳል። በዚህ ምክንያት በብዙ ቤት ያለው ምግብ እንጀራ በሽሮ፣ ሽሮ በእንጀራ ሆኖ ይከርማል።

ሽሮ መጥፎ ምግብ አይደለም፤ ብቻውን ሲሆን ግን ይጎድለዋል። ሰውነት በሽሮና በጤፍ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን በደንብ ወስዶ እንዲጠቀምበት ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል፤ ይህም የሚገኘው ከትኩስ ቅጠላ ቅጠልና ከፍራፍሬ ነው። ለዓይን ጤንነትና ለበሽታ መከላከል የሚረዳው ቫይታሚን ኤም ሰውነት ከጎመን፣ ከቆስጣና ከካሮት ያዘጋጀዋል።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን አኃዝ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆነ ሕፃናት መካከል 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መካከል በዓይነትም በመጠንም ተገቢውን ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የደም ማነስ ከወባ፣ ከሆድ ትላትልና ከሌላም ሊመጣ ስለሚችል የገረጣና የደከመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። የምግቡን ድርሻ ግን ቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል።

ሌሎች ሞክረውታል

በዕቃ ውስጥ አትክልት ማልማት አዲስ ፈጠራ አይደለም። በናይሮቢ ከተማ ኪቤራ በተባለው የተጨናነቀ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከምርጫው ረብሻ በኋላ ምግብ በተወደደበት ጊዜ፣ በአንድ የፈረንሳይ የእርዳታ ድርጅት አማካይነት ብዙ ቤተሰቦች በራፋቸው ላይ በአፈር በተሞላ ጆንያ ጎመንና ቆስጣ አብቅለዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደ የከተማ ጓሮ አትክልት ፕሮግራም ነበር፤ በኤች አይ ቪ የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በጠባብ ቦታና በጥቂት ውኃ አትክልት እንዲያለሙ ረድቷል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብርም ቤተሰብ ከደጁ የተመጣጠነ ምግብ ያገኝ ዘንድ የታሰበ ነው። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሰላጣና የበሶብላ ዕቃ ተደርድሮ ማየትም ዛሬ ብርቅ አይደለም።

ዕቃውን መምረጥ

ለዚህ ሥራ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር የምግብ ዘይት ጄሪካን በጎኑ ተጋድሞ የላይኛው ገጹ ሲቆረጥ ጥሩ መደብ ይወጣዋል። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ ያረጀ ሳፋ፣ የዱቄት ወተት ጣሳም ያገለግላል። የተሸረፈ ማሰሮና ጋን መልካም ነው፤ ሆኖም ሸክላ ውኃን በገላው ስለሚያተን ቶሎ እንደሚደርቅ ማወቅ ያሻል።

ዋናው ነገር ጥልቀቱ ነው። ለሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለጎመን፣ ለቆስጣና ለካሮት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። አንድ የጎመን ሥር በደንብ እንዲያድግ ወደ 8 ወይም 10 ሊትር የሚጠጋ አፈር ቢያገኝ ይመረጣል፤ ጎመን በትንሽ ጣሳ ተተክሎ ሲቀጭጭ የዘሩ ጥፋት አይደለም።

ማንኛውም ዕቃ ከታች መበሳት አለበት። በጋለ ሚስማር የትንሽ ጣት ውፍረት ያላቸውን ከአምስት እስከ ስምንት የሚደርሱ ቀዳዳዎች ማውጣት ነው። ዕቃው ሁለት ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ውኃው በደንብ ይወርዳል፤ የበረንዳው ሲሚንቶም አይበላሽም። ብዙዎች ከሥሩ ጠጠር መደልደል ውኃ ያወርዳል ይላሉ፤ እንዲያውም ጠጠሩ የአፈሩን ቦታ ይሻማል እንጂ አይረዳም። ቀዳዳው ብቻ እንዳይደፈን አንድ የገል ስባሪ ወይም የወንፊት ቁራጭ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመኪና ባትሪ ሳጥንና ምንነቱ ያልታወቀ የኬሚካል በርሜልም እንዲሁ። መርዙ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩም ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉም ወደ ልጅ አፍ ይገባል።

የጆንያው አሠራር

ቦታው እጅግ ጠባብ ከሆነ ከሁሉም የሚያዋጣው ጆንያ ነው። 50 ኪሎ የሚይዝ፣ በደንብ የታጠበ ማዳበሪያ አፉ ተጠቅልሎ ይቆማል። ታችና ላይ አፉ የተከፈተ ጣሳ በመካከሉ ይቀመጥና በጠጠር ይሞላል፤ ዙሪያውን አፈር ይደረጋል። ከዚያ ጣሳው ወደ ላይ ይሳብና እንደገና ጠጠር ይሞላል። እንዲህ እየተደረገ ጆንያው ሲሞላ በመካከሉ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ምሰሶ ይቆማል። ውኃ በዚህ ምሰሶ ሲፈስ ለታችኛውም ሥር ይደርሳል።

ጎመኑና ቆስጣው ከላይ ብቻ ሳይሆን በጎንም ይተከላል። ጆንያው አንድ ስንዝር ያህል እየተራራቀ፣ ቀዳዳዎቹ ፊትና ኋላ እንዲቀያየሩ ሆኖ በቢላዋ ትንሽ ትንሽ ይሰነጠቅና ችግኙ በየስንጥቁ ይገባል። አንድ ጆንያ በዚህ ዘዴ ከ20 እስከ 30 ችግኝ ይይዛል። ከሞላ በኋላ ግን ስለሚከብድ አይንቀሳቀስም፤ የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ይታሰብበት።

አፈሩ

በዕቃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ሥሩን ሰድዶ የትም ሄዶ ምግብ ሊፈልግ አይችልም። ያለው የተሰጠው ብቻ ነው። በመሆኑም አፈሩ ከጓሮ አፈር የተሻለ መሆን አለበት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ማደባለቅ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ጥቁር የዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ እንደ ጭቃ ይያያዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የምዕራብ ሸዋ ደጋ ቀይ አፈር ደግሞ በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ስለሆነ ገበሬው ኖራ እንዲጨምርበት ይመከራል፤ ለአንድ ጄሪካን ግን አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ ይበቃል።

ፍግ በአካባቢው ብርቅ አይደለም። ሆኖም ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ በሽታም ያመጣል። ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ወር ተከምሮ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ጥቁርና ልል አፈር ሲመስል ነው ደረሰ የሚባለው። ላም የሌላት እናት የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቀች በአንድ በተበሳ ባልዲ ብትከምርና አልፎ አልፎ ብታገላብጠው ከወራት በኋላ የራሷ ብስባሽ ይኖራታል።

ምን ይተከል?

ለደጋ ከተማ በመጀመሪያ የሚመከረው የሐበሻ ጎመን ነው፤ በአካባቢው ቋንቋ ራፉ ይሉታል። ዘሩ ርካሽ ነው፤ ብርድ ይችላል፤ የውጭው ቅጠል እየተቀነጠሰ ልቡ ሲተው ለወራት ይሰጣል። ቆስጣም እንዲሁ ነው። ከአንድ የቆስጣ ፍሬ ሁለት ሦስት ቡቃያ ስለሚወጣ ጠንካራውን ትቶ ሌላውን መንቀል ያስፈልጋል።

ሰላጣ ቀዝቃዛ አየር የሚወድ፣ ሥሩም አጭር በመሆኑ ለጣሳ የተፈጠረ ይመስላል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በጥልቀት አይቀበርም፤ አፈር ሳሳ አድርጎ መነስነስ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመዝራት በየሦስት ሳምንቱ አንድ አንድ ጣሳ መዝራት ይሻላል፤ አለዚያ በአንድ ሳምንት ይትረፈረፍና በሚቀጥለው ወር አይገኝም።

ካሮት ተነቅሎ መተከል አይወድም፤ እዚያው በሚያድግበት ዕቃ ተዘርቶ ይሳሳል። የቀይ ሥር ቅጠሉም እንደ ቆስጣ ይበላል። ነጭ ሽንኩርት በአነስተኛ ዕቃ ይበቅላል። ድንች ለመሞከር ለሚፈልጉ ሰፊ ጆንያ ያስፈልጋል፤ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ለደጋ የታወቁ ናቸው። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ሙቀት ወዳዶች ስለሆኑ በእንጭኒ ብርድ ብዙ ተስፋ አይጣልባቸውም፤ የመጀመሪያ ሙከራ በእነሱ ተጀምሮ ሲከሽፍ ብዙ ሰው ሥራውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ውርጭንና ክረምትን መከላከል

የደጋ ጠላት ውርጭ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ በሚበርድበት ጊዜ በማሳ ላይ ያለው ድንችና ባቄላ ተለብልቦ ያድራል። በዚህ ጊዜ ነው የዕቃ ተክል ከማሳው የሚበልጠው፤ ማሳ አይነሣም፣ ጣሳ ግን ይነሣል። ብርዱ ሲከፋ ትናንሾቹን ዕቃዎች ወደ ታዛው ማስጠጋት ወይም ወደ ቤት ማስገባት ነው። የማይነሡት ማታ በጆንያ ወይም በአሮጌ አንሶላ ይሸፈኑና ጧት ፀሐይ ሲወጣ ይገለጣሉ። በአገራችን የበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በስተ ደቡብ ያለው ግድግዳ ሥር ማስቀመጥ ይበጃል፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ጎመንና ካሮት ቀላል ውርጭ ይችላሉ።

በክረምት ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውኃው ከበዛ ሥር ይበሰብሳል፤ በረዶም ቅጠሉን ይበሳሳል። ቀዳዳው አለመደፈኑን ማየት፣ ጣራው የሚያንጠባጥብበት ቦታ ላይ ዕቃ አለማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ውኃና ተባይ

በበጋ የቧንቧ ውኃ በሚቆራረጥበት ከተማ ለጎመን የሚተርፍ ውኃ ከየት ይመጣል? ምስርና ሩዝ የታጠበበት፣ አትክልት የተለቀለቀበት ውኃ አይደፋ፤ ለተክሉ ይሰጥ። በረኪናና ብዙ ሳሙና ያለበት ውኃ ግን አይጠጣ። ውኃ ማስፈለጉን ለማወቅ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ ማስገባት ነው፤ ጣት ደርቆ ከወጣ ይጠጣል፣ እርጥብ ከሆነ ይቆይ። የአፈሩን ገጽ በደረቅ ሣር ወይም በጭድ መሸፈን ውኃው ቶሎ እንዳይተን ያግዛል። ውርጭ ባለበት ወቅት የሚጠጣው ጧት ነው።

ጎመንን ክሽክሽና ትል ይደፍሩታል። ሥራው ቀላል ነው፤ በየሁለት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ ገልጦ ትሉን በእጅ መልቀም፣ ክሽክሹን በሳሳ የሳሙና ውኃ ማጠብ። ለጥቂት ጣሳ ጎመን መርዝ መግዛት አያስፈልግም፤ ልጆች በሚጫወቱበት በረንዳ ላይ አደጋም ነው። የጊቢው ዶሮ ደግሞ ከትሉ ይብሳል፤ በዕቃው አፍ ላይ እሾህ ወይም የወንፊት ሽቦ ይደረግበት።

ከጣሳ ወደ ገበታ

የተለፋበት ጎመን በአበሳሰል ሊባክን አይገባም። ጎመንን በብዙ ውኃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ ውኃውን መድፋት የቫይታሚን ሲውን ብዙ ክፍል አብሮ መድፋት ነው። በጥቂት ውኃ፣ ክዳን ገጥሞ፣ ሳይቆይ ማውጣት ይሻላል። ከካሮትና ከቅጠል የሚገኘው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ወደ ሰውነት የሚገባው ከቅባት ጋር ስለሆነ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ያስፈልገዋል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በደንብ የበሰለና የላመ የጎመን ቅጠል ከድንች ወይም ከገንፎ ጋር ተዋሕዶ ሊሰጥ ይችላል። ሻይና ቡና የምግቡን የብረት ማዕድን ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ መጠጣት ይመረጣል፤ ለሕፃናት ሻይ ጨርሶ ባይሰጥ መልካም ነው።

በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በቆሻሻ ወንዝ ውኃ የለማ ሰላጣ የሆድ ትላትልና ተስቦ ሊያመጣ ይችላል። በራስ ጣሳ የበቀለው ትልቁ ጥቅሙ የጠጣው ውኃና የበላው ፍግ መታወቁ ነው። ቢሆንም በንጹሕ ውኃ ቅጠል በቅጠል ደጋግሞ ማጠብ አይቀርም። ሎሚ ወይም አቼቶ ማፍሰስ ጣዕም እንጂ የትል እንቁላል አይገድልም። ለትናንሽ ልጆች የበሰለው ይመረጣል።

ምን ያህል ይገኛል?

ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት አይገባም። ጥቂት ጣሳ የቤተሰቡን ቀለብ አይችልም። ሁለት ክፍል ተከራይታ፣ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ጊቢ የምትኖር እናት በበረንዳዋ ጥግ አራት የተቆረጡ ጄሪካኖች አስቀመጠች እንበል። በእያንዳንዳቸው ሁለት የጎመን ሥር ብትተክል ስምንት ሥር ይሆናል። እያንዳንዱ ሲጠነክር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ቢሰጥ ከ16 እስከ 24 ቅጠል ይሆናል። ይህ ለቤተሰቡ በሳምንት አንድ ጊዜ የጎመን ወጥ፣ ወይም ለአንድ ሕፃን በየቀኑ የሚበቃ ጭብጥ ቅጠል ነው። በዚህ ላይ አንድ ጆንያ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ጣሳው ይህን ሁሉ አይሞላም፣ ነገር ግን ምንም ከሌለበት ቀን እጅግ ይሻላል።

ሥራው የእናት ብቻ መሆን የለበትም። እሷ ወጥ ስታማስል ባልየው ውኃ ሊያጠጣ፣ ልጆቹ ትል ሊለቅሙ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጣሳ ቢሰጠውና «ይህ የአንተ ነው»፣ «ይህ የአንቺ ነው» ቢባል፣ ጎመን አልበላም የሚለው ልጅ ራሱ ያበቀለውን ሊቀምስ ይደፍር ይሆናል። አከራይን አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ውኃው ወደ ጎረቤት በር እንዳይፈስ መጠንቀቅ ደግሞ የአብሮ መኖር ሥርዓት ነው። ከቡና ጋር የሚቀርብ አንድ እስር ጎመን ብዙ አከራዮችን ያሳምናል።

አዝመራው ሲያልቅ አፈሩ አይጣል። አንድ ሦስተኛውን በአዲስ ብስባሽ ተክቶ ጎመን በነበረበት ሽንኩርት ወይም ካሮት፣ ካሮት በነበረበት ጎመን ማፈራረቅ ነው። በመካከሉም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እፍኝ ብስባሽ ጣል ይደረግበታል። እንዲህ የተያዘ አፈር ከዓመት ዓመት እየደለበ ይሄዳል፤ የቤት ኪራይ ተጨምሮ «ልቀቂ» በተባለ ቀንም ከአልጋውና ከምጣዱ ጋር በጋሪ ተጭኖ ወደ አዲሱ ቤት ይገባል። ስለዚህ አዲስ ቤት፣ ሰፊ ጊቢ፣ የራስ መሬት እስኪገኝ የምትጠብቁ እናቶች ለሚቀጥለው እሑድ አንድ ጄሪካንና አንድ ሚስማር አዘጋጁ።